ሁለት ጓጉንቸር የነበረው የማዕዘን ሱቅ

የባለቤቴ የሶሻል ወርክ ዲግሪ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የማዕዘን ሱቅ፣ አንድ ሙክት በግና የአምስት ዓመት የቅዳሜና የእሁድ ምሳ ነው። የትምህርት ክፍያውን አላስገባሁትም። እሱ ከትርፍ ላይ የተከፈለ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ በአደባባይ የሚያወራው ኪሳራውን እንጂ ትርፉን አይደለም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የወረቀት ሽታ ነው። በቀደም መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ብዬ ወልቂጤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው የማዕዘን ሱቅ ጎራ አልኩ። ሌላም ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል፤ ግን ጉልበቴ ሩቅ መሄድ ከተወ ቆይቷል። ከፊቴ አንዲት ተማሪ ቆማ የጡብ ያህል የወፈረ ሞጁል ታስገለብጣለች። ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ትኩስ ነው። ትኩስ ወረቀት፣ ካውያ ገና የተነሳለት ሸሚዝና የተቃጠለ ላስቲክ አንድ ላይ ቢሆኑ የሚሸቱትን ይሸታል። ያ ሽታ አምስት ዓመት ሙሉ ባንኮኒዬ ላይ፣ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ትራሴ ሥር ሳይቀር ነበር።

«ምንድነው የምትማሪው፣ ልጄ?» አልኳት።

«ሶሻል ወርክ፣ አባባ።»

«ወንድሞች አሉሽ?»

ግራ ገባት። «ሁለት አሉኝ። ምነው?»

«ምንም። ፊልድ ስትወጪ እነሱን አትንኪያቸው።»

ሳቀች፤ ሽማግሌ ሲቀልድ ለይሉኝታ የሚሳቀውን ሳቅ። እኔ ግን የማየው ከማሽኑ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር። እዚያ ላይ የምስማር ቀዳዳዎች አሉ፤ ስንት ጊዜ ቀለም ቢቀቡባቸውም አልጠፉም። የመታኋቸው እኔ ነኝ። ኮፒዬን ተቀበልኩ፣ ሒሳቤን ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

ከሱቁ በፊት ሰልባጅ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ሳህሌ፣ የተነሳነው ከአገና ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ አንዱ መንግሥት ሊሄድ ሲል ነበር ወይስ ሌላው ሲመጣ፣ እስካሁን ከራሴ ጋር እከራከርበታለሁ። የማስታውሰው ዋጋውን ነው። ጥሩ የሱፍ ካፖርት አስራ አምስት ብር፣ ሹራብ ሦስት ብር፣ አንገትጌው የተበላ ሸሚዝ ደግሞ አጥብቆ ለመረቀ ሰው እንዲሁ ይሰጥ ነበር። የልብሱ እስር ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው የናፍታሊን ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ እኛ ግን ሽታውን እየሳብን ይኼ የብርድ አገር ዕቃ ነው፣ ይኼ የሀብታም ሰፈር ነው እንባባል ነበር። ዛሬ አገና፣ ነገ ጉንችሬ፣ ሲያሰኘን ቁልቁል እስከ ቆሼ። ቆሼ ቆላ ስለሆነ ካፖርት አይሄድም፤ እዚያ ስስ ሸሚዝና ቦላሌ ሱሪ እንይዛለን። የአገና ገበሬ ግን ወርቅ የሚመስል አዝራር ያለው የሴት ካፖርት ለብሶ እንሰቱን ሲኮተኩት ማን ሳቀ? ማንም። ብርድ ወንድ ሴት አይልም። ዛሬ ልጆቻቸው ያንኑ ዓይነት ካፖርት አዲስ አበባ በመስታወት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሲያዩት ፎቶ ይነሡበታል አሉ።

የዚያን ጊዜ አሠራራችን እንዲህ ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ከገዢው ጋር እከራከራለሁ፤ ጋሼ ሳህሌ ከእስሩ ጀርባ ቆሞ ይመለከታል። ገዢው ዋጋ ሲጠራ ጋሼ ሳህሌ ያፏጫል። አንድ ጊዜ ከሆነ «አጥብቅ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ካፏጨ «ልቀቀው» ማለት ነው፣ እሸጣለሁ። ገዢው በዚያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ መሃል ወፍ ያለ ይመስለዋል። አንድ ቀን «እንዴት ነው የምታውቀው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፊቱን አትይ» አለኝ፣ «ፊት ይዋሻል። እግሩን እይ። እግሩ ወደ መንገዱ ዞሮ እንደሆነ ይሄዳል። ወደኛ ከሆነ አፉ የፈለገውን ቢል ይገዛል።» ይህን ትምህርት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝም በሞጁል ያስከፍለኝ ነበር።

የማዕዘኑን ሱቅ የገዛነው በዚያ ገንዘብ ነው። ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ወደ መናኸሪያው፣ አንዱ ወደ ገበያው መንገድ። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሳይወድ በግዱ በፊታችን ያልፋል። ሰልባጁን ትተን ጣቃ ጨርቅ ገባን፤ ፖፕሊን፣ አቡጀዲ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ካኪ። ጎረቤታችን ካሴት ቤት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የጉራጊኛ ጭፈራ ሲለቅ የመኪና ረዳቶች እያጨበጨቡ ነበር ተሳፋሪ የሚጠሩት። እኔ ያንን ሙዚቃ እየሰማሁ ጨርቅ ስቀድ፣ መቀሱ በምቱ ይሄድልኝ ነበር።

የጠባችን ምክንያት ሲነገር ያሳፍራል። ፈቃድ ሊታደስ ጋሼ ሳህሌ ብቻውን ሄደና ወረቀቱ ላይ የሱ ስም ብቻ ተጽፎ መጣ። «ጸሐፊው አንድ ስም ይበቃል አለኝ» አለ። «ታዲያ የኔ ለምን አልበቃውም?» አልኩ። ይቺው ናት። ከዚያ በኋላ የተባባልነው ሁሉ ከዚህች ላይ የተቀጠለ ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ። በመጨረሻ ሲታክታቸው «እስክትስማሙ ሱቁ ይዘጋ፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጓጉንቸር አድርጉበት» ብለው ሄዱ። አደረግን። ጋሼ ሳህሌ የድርሻውን ጨርቅ ጭኖ ቡታጅራ ገባ። እኔ እዚሁ ወልቂጤ፣ ገባ ካለ መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። የከተማው ምርጥ ማዕዘን ሁለት ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ከአስር ዓመት በላይ ቆመ። የመናኸሪያ ልጆች ለእንግዳ ቦታ ሲጠቁሙ «ሁለት ቁልፉ ጋ» ማለት ጀመሩ፤ የኛ ስም ተረሳ፣ የጓጉንቸሩ ግን ጸና።

አማረች፣ ባለቤቴ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ያኖረችኝ ሰው ናት። አማረች ከቆመችበት ባንኮኒ ደንበኛ ባዶ እጁን አይወጣም። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ አንድ ቀን ጨርቅ እያጠፈች «ዩኒቨርሲቲው የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ከፍቷል» አለችኝ።

«ምን ልትማሪ?»

«ሶሻል ወርክ።»

«ምንድነው ደግሞ እሱ?»

«የሰውን ችግር መስማት። ከሰሙ በኋላ መርዳት።»

«እሱንማ ዕድራችን በነፃ ያደርገዋል።»

«ዕድር የሚሰማህ ከሞትክ በኋላ ነው» አለች።

ሜትሬን አነሣሁ። ተሸንፌ አይደለም፤ ደንበኛ ስለገባ ነው። እንዲህ እያልኩ ነው አምስት ዓመት ያለፍኩት።

ቅዳሜም እሁድም ክፍል ገባች። ምሳዬን ሆቴል መብላት ጀመርኩ። የቸርቻችን እህቶች «አማረች ጌታን በሞጁል ለወጠችው» ብለው ያሟት ነበር፤ እሷ ደግሞ እሁድ ጠዋት ቀድማ ጸልያ፣ ዝማሬው ሳያልቅ በጓሮ በር ትወጣለች። በሥራ ቀን ሞጁሉን ባንኮኒ ሥር ዘርግታ ታነባለች፤ ሰው ሲገባ ጣቃ ጨርቅ ትጥልበታለች። ደንበኛውን «ክላይንት» ማለት አመጣች። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ በካኪ ዋጋ ስትነተርከኝ፣ አማረች ከጎን መጥታ «እስቲ መጀመሪያ እንስማት» አለች። ሰማናት። ባሏ ታሞ ሦስት ልጅ ለብቻዋ ታስተምራለች። ሰምተን ስንጨርስ በግዢው ዋጋ ሸጥንላት። ማታ «እንዲህ እየሰማን ከቀጠልን ሱቁን እንዘጋዋለን» አልኳት። «አንዱን ዘግተህ የለ» አለችኝ። እንዲህ ናት።

በመጨረሻው ዓመት ፊልድ የሚሉት መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤተሰብ ይይዛል፣ ችግሩን ያጠናል፣ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ያ ካልሆነ ዲግሪ የለም። አማረች እኔን ሳትጠይቅ እኛን ይዛ ቀረበች፤ ሁለት ወንድማማችና አንድ የተዘጋ ሱቅ። መምህሩ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ የአዲስ አበባ ልጅ፣ «የራስን ቤት መያዝ ክልክል ነው» አላት። ታዲያ ምን አደረገች? ኬዙን ለክፍል ጓደኛዋ አሳልፋ ሰጠችው፤ እኔ የማይሄድልኝን ጣቃ ለጎረቤት እንደማሳልፍ።

ልጁ ሙስጠፋ ይባላል፤ ከቡታጅራ አጠገብ ካለች የመስቃን መንደር የመጣ። ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል። የኔ ዓይን ሰልባጅ አይስትም፣ ወደድኩት። «አሰላሙ» ብሎ ጀመረና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አየ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ዘርጋ» ብሎ አስተካከለ።

«ሁለቱንም እቀበላለሁ፣ ግባ» አልኩት።

ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አወጣ። «ጓጉንቸሩን ያደረጉ ዕለት ምን ተሰማዎት?»

«ብርድ። ጠዋት ነበር።»

ጻፈው። እውነቴን ነው፣ «ብርድ» ብሎ ጻፈው።

የኛ አገር ሽማግሌ «ምን ወሰደብህ?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። «ምን ተሰማህ?» ያለኝ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም፤ እናቴም አላለችኝም። ደግሞ ይመክረኛል ብዬ ስጠብቅ አይመክርም። ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ሻይውን ጠጥቶ ይሄዳል። በሦስተኛው መምጣቱ ዝናብ ነበር፤ ደንበኛ የለም። «ከወንድምዎ የሚናፍቅዎ ነገር አለ?» አለኝ። የለም ልለው ነበር። «ፉጨቱ» አልኩ። አማረች ጥግ ላይ ሆና ጨርቅ ትለካለች፤ ሜትሯ ቀጥ አለ። ከዚያ መለካቷን ቀጠለች። ልጁ ያን ጊዜ አልጻፈም።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ሙስጠፋ የኔን ወገን ሰምቶ ሲጨርስ የጋሼ ሳህሌን ለመስማት ወደ ቡታጅራ መሄድ ነበረበት። ክፍል ውስጥ ደግሞ «ወደ ማኅበረሰቡ ስትገቡ ብቻችሁን አትግቡ፤ በአካባቢው በተከበረ ሰው በኩል ግቡ» ተብሎ ተምሯል። ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ቃል በቃል ፈጸመው። የሚያውቀው የተከበረ ሰው አያቱ ናቸው፤ ሐጂ። ነጭ ጢም፣ ነጭ ጥምጥም፣ የጥቁር እንጨት ምርኩዝ። እኚህን ሰው ይዞ ጋሼ ሳህሌ ቤት ገባ። ሐጂ ሳይቀመጡ፣ በደንቡ መሠረት፣ «የመጣነው ከወንድምህ ከዘርጋ ዘንድ ነው» አሉ። ማለታቸው እሱን አነጋግረን፣ ፈቃዱን ይዘን ነው። ግን ምርኩዝ የያዘ ነጭ ጢም ደጅህ ቆሞ «ከወንድምህ ዘንድ ነው የመጣነው» ካለ፣ በኛ አገር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ወንድምህ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌ የላከ ጥፋቱን አምኗል።

ልጁ ከቡታጅራ ሲመለስ ሱቄ ገብቶ መቀመጥ አቃተው።

«ጋሽ ዘርጋ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።»

«ምን?»

«ታርቀዋል።»

«ከማን ጋር?»

«ከወንድምዎ ጋር።»

ነገሩን እየተንተባተበ ነገረኝ። ጋሼ ሳህሌ ከተቀመጠበት ተነሥቶ የሐጂን ጉልበት ስሟል። «ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ይቅር ብያለሁ» ብሏል። ሙስጠፋ ከኋላ ሆኖ «ኧረ እኛ የመጣነው ለጥያቄ ነው» ሊል ቢሞክር ሐጂ በምርኩዛቸው እግሩን ነክተውታል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው እጃቸው ላይ የወደቀ እርቅ መልሰው አይጥሉም። እዚያው መረቁ፣ ቀን ቆረጡ፤ የመጪው ሳምንት እሁድ። ጋሼ ሳህሌ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ «ታናሼ ሊመጣ ነው» እያለ ነው።

«ማነው ሽማግሌ የላከ? እኔ? ተበዳዩ?» ጮህኩ። ካኪ ሊገዛ የገባ ሰው ወጥቶ ሄደ።

ጩኸቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥፋቱን ያመነ በግ ይዞ ይሄዳል፤ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ይቆማል፤ የተጣላበትን ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ ስሙን አያነሳም። ስሙን አያነሳም ማለት የማዕዘኑ ሱቅ ሄደ ማለት ነው። ልጁ ላይም ሌላ ጣጣ አለበት። መምህሩ በስልክ ሲሰማ «ተማሪ አያስታርቅም፤ ሄደህ እውነቱን ነግረህ ታርማለህ፣ አለዚያ ወድቀሃል» ብሎታል። ሙስጠፋ ቡታጅራ ሄዶ፣ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ለጋሼ ሳህሌ «ወንድምዎ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ» ሊለው ነው።

«አንድ መንገድ አለ» አለ ልጁ፣ መሬት መሬት እያየ። «እርስዎ ራስዎ ልኬያለሁ ካሉ፣ የሚታረም ስህተት የለም።»

«ይኼን ከሞጁሉ ነው ያገኘኸው?»

«አይ፣ አያቴ ናቸው ያሉት።»

ወደ አማረች ዞርኩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ውሳኔው የክላይንቱ ነው።»

«እኔ ባልሽ ነኝ!»

«ባሌ ብቻ ብትሆንማ እስካሁን ነግሬህ ነበር» አለችና ጣቃዋን ጠቀለለች። እዚህ ላይ ነው ያደከመችኝ። ሽማግሌ ቢሆን ይሰድበኛል፣ ይለምነኛል፣ እልሄ ይበርዳል፣ እሺ እላለሁ፤ «ለሽማግሌ ብዬ ነው» እላለሁ። እሷ ግን ውሳኔዬን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሰው ሳያስገድደው እሺ ማለት ከባድ ነው፤ በማን ያመካኛል?

በማግስቱ ጠዋት ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሄድኩ። ዓመታት በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው፤ ያን ቀን ቀረብኩ። የኔ ጓጉንቸር ዝጎ ቀይ አፈር መስሏል። የጋሼ ሳህሌ ግን ያበራል። ነካሁት፤ ጣቴ በግሪስ ተለወሰ። አጠገቡ የሚቀመጠውን ተሸካሚ «ይኼን ማነው የሚቀባው?» አልኩት።

«አንድ ሰውዬ ነው፣ ጋሼ። መስቀል በመጣ ቁጥር ከአገር ቤት እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ይቀባውና መልሶ ይሳፈራል። እኛ እብድ ነው የምንለው።»

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሊከፍተው የማያስብ ሰው ጓጉንቸር አይቀባም። ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ወደ በግ ተራ ወረድኩ። ያኔ ደህና ሙክት ከሺህ ብር ብዙም አያልፍም ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር የሚገኘው ላቱ ነው።

እሁድ ማለዳ ከሙስጠፋ ጋር በአገና በኩል ሚኒባስ ያዝን። በጉ እግሬ ሥር ተኛ። አገና ስንደርስ ያ ገበያ የነበረበትን ሜዳ በመስኮት አየሁት፤ ገበያ ቀን ስላልነበረ ባዶ ነው፣ አንድ ፌስታል ብቻ ነፋስ ያንከራትተዋል። እስሩን የምንፈታባት ጥግ ላይ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቶባታል። ሙስጠፋ አየኝ።

«ምን ተሰማዎት፣ ጋሽ ዘርጋ?»

«በጉ ጫማዬ ላይ ሸናብኝ። እሱ ነው የተሰማኝ።»

ቡታጅራ፣ ጋሼ ሳህሌ ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ሐጂ ከዛፉ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው ምርኩዛቸውን ተክለው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ከበሩ ቆሟል። በአእምሮዬ የያዝኩት ሰው ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ይኼኛው ባርኔጣው የሰፋው ሽማግሌ ነው። በጉን ለልጆቹ አስረከብኩ። አጎንብሼ ድንጋይ አነሣሁ፣ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ወገቤን አመመኝ። ሐጂ «ተናገር፣ ልጄ» አሉኝ። የሚባለው አንድ ቃል ነው፣ «አጥፍቻለሁ»። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ሰው ሁሉ ያየኛል። ያ የፈቃድ ወረቀት፣ ያ ስም፣ ያ ጠባብ ክፍል፣ ሁሉም ፊት ለፊቴ ተደረደረ። ልመለስ ነው፤ በጉንም ትቼ ልመለስ ነው።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ሁለት አጫጭር ፉጨት ሰማሁ።

ጥርስ ስላነሰው ግማሹ ነፋስ ነበር። ግን እሱው ነው። ልቀቀው።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ድንጋዩን ከትከሻዬ ያወረደልኝ እሱ ነው። «ወገብህን ያምሃል እኮ፣ አንተ ልጅ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማልቀስ ነው፣ መብላት ነው። ሐጂ ከኛ እርድ ስለማይበሉ ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበላቸው፤ እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ ሙስጠፋን «አሁን ጥያቄህን ጠይቅ» አሉት። ልጁ ያቀረበው ጥናት አለፈ። አማረችም አለፈች። የተከራየችው ጥቁር ካባ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት፣ እኔና ጋሼ ሳህሌ ግራና ቀኝ ቆመን የተነሣነው ፎቶ ሳሎን አለ።

ሱቁ ሲከፈት የጋሼ ሳህሌ ጓጉንቸር እንደ ቅቤ ተከፈተ። የኔ ቁልፉን አልቀበልም አለ፤ ያ ተሸካሚ በብረት መጋዝ ቆረጠው። ቁልፉ ኪሴ ቀረ። የሱቁን ስም አላነሣሁም፤ ጋሼ ሳህሌ የራሱን ልጅ አስገባበት። እኔ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ በሩ ላይ ከሱ ጋር እቀመጥ ነበር። ካሴት ቤቱ ተዘግቶ ሞባይል ቤት ሆኗል፤ የሚለቁት ዘፈን ምቱን እንኳ አላውቀውም።

አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጠን፣ «ዘርጋ» አለኝ፣ «አንተ ሽማግሌ እንዳልላክህ የማላውቅ መሰለህ?»

ዘወር ብዬ አየሁት።

«ልጁ ወረቀት አውጥቶ ‹ምን ተሰማዎት?› ሊለኝ ነበር። የትኛው ሽማግሌ ነው እንደዚህ የሚጠይቅ? ደግሞ አንተ፣ በሦስት ብር ሹራብ ስትከራከር የምትውል ሰውዬ፣ ይቅርታ ትልካለህ?»

«ታዲያ ለምን ተቀበልክ?»

«የሐጂን እግር አየሁት። ወደ መንገዱ አልዞረም።»

«ሱቁስ?»

«ሱቁማ ምራቂ ነው» አለና ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በንግድ ሰው እንዲህ ሲበልጥህ መሳቅ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

እንዲህ ሆነን ጥቂት ዓመት ተቀመጥን። ከዚያ ሳሉ ሳንባው ውስጥ ገባና ወሰደው። አገና፣ አባታችን አጠገብ ቀበርነው። የሁለቱም ከተማ ዕድር መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሁሉም ስለሱ መልካም ተናገረ፣ ሁሉም ሰማ። አማረች ያቺን የድሮ ቃሏን አልደገመችብኝም፤ ግን እኔ አስታወስኳት። ሙስጠፋም መጥቶ ነበር። አሁን ቡታጅራ ላይ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለው፤ ዲግሪው ከምስማሩ በላይ ተሰቅሏል። «በሙያህ ለምን አልሠራህም?» ስለው «ጋሽ፣ አንዴ የሠራሁት ይበቃኛል» ይለኛል። የጋሼ ሳህሌ ልጆች ሱቁን ለፎቶ ኮፒ አከራዩት። ጥሩ ኪራይ ነው። እኔ ብሆንም አከራየው ነበር።

አማረች መሥሪያ ቤት ገባች፤ ቆሼ ነው የደረሳት። ሰኞ ማለዳ ትሄዳለች፣ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ደመወዙ ከመኪናና ከቤት ኪራይ ያለፈ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እኔ ጋ ጨርቅ ስትለካ የበለጠ ታገኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተፈታችውን፣ የተደፈረችውን፣ ልጁ የጠፋበትን ስትሰማ ትሰነብትና፣ ስትመጣ የኔን የምትሰማበት ጆሮ አይተርፋትም። አልቀየማትም። ውሃ አሙቄ እጠብቃታለሁ። እግሯን ነክራ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ነው የቀራት ይላሉ። እኔም ጉልበቴ ደክሟል፣ ጣቃ ከመደርደሪያ ማውረድ አቅቶኛል። ምሳዬን አሁንም ሆቴል ነው የምበላው፤ አስተናጋጁ ሳላዝ ያመጣልኛል።

እንግዲህ ሒሳቡን ልዝጋ። ሱቁ የጋሼ ሳህሌ ልጆች ነው። ጋሼ ሳህሌ አገና ነው፣ አፈር ውስጥ። በጉ ተበልቷል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አማረች ቆሼ ናት። ቀሪ፦ አንድ ቁልፍ።